የሸጡትን ቮልስ መልሰው ከመግዛትዎ በፊት ከኋላ ወንበር ሥር ያለውን ቁጥር ያንብቡ

ጥያቄ፦ «በ1987 ዓ.ም. በፈረንጆች 1969 የተሠራች 1300 ቮልስ ገዝቼ 14 ዓመት ነዳኋት። ሽማግሌዎችን ወደ ባለቤቴ ቤተሰብ የወሰድኩት፣ የመጀመሪያ ልጃችንን ከሆስፒታል ያመጣነው በእርሷ ነው። በ2001 ዓ.ም. የኮንዶሚኒየም ቅድመ ክፍያ ሲደርስብኝ ሸጥኳት። ባለፈው ወር ጉለሌ አንድ ጋራዥ ደጃፍ ቆማ አገኘኋት። ቀለሟ ከውሃ ሰማያዊ ወደ ቀይ ተቀይሯል፤ ነገር ግን ዳሽቦርዷ ላይ ትንሽ ሰዓት ልገጥምበት በእጄ የበሳኋቸው ሁለት ቀዳዳዎች ዛሬም አሉ፤ ስለዚህ እርሷ መሆኗን አልጠራጠርም። የያዛት ሰው የሚሸጠው በውክልና ነው። ለደላላው 550 ሺህ ብር ብሎ ነበር፤ የእኔ እንደነበረች ስነግረው 700 ሺህ አደረገው። ሞተሯ ወርዶ ስለታደሰ እንደ አዲስ ነው ይላል፤ ቦሎ ግን ሦስት ዓመት አልታደሰላትም። አሁን የምነዳትን ቪትዝ ሸጬ ልግዛት እያልኩ ነው። የቮልስ ዋጋ ስለማይወርድ ገንዘቤ አይጠፋም፤ ጠባይዋንም ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ተሳስቻለሁ?»

ምላሽ፦ መኪናዋን መውደድዎና መልሰው መፈለግዎ ስሕተት አይደለም። የተሳሳቱት በአራት ነገሮች ነው፤ በማንነቷ እርግጠኛ በመሆንዎ፣ «ሞተሯ ወርዷል» የሚለውን ቃል በማመንዎ፣ ጠባይዋን ዛሬም አውቀዋለሁ በማለትዎና ቪትዟን ለመሸጥ በማሰብዎ። ከመጀመሪያው ልጀምር፤ እርሱ ካልተፈታ የቀሩትን መመርመር ትርጉም የለውምና።

ሁለቱ ቀዳዳዎች የሚያረጋግጡት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የላይኛው አካል የእርስዎ መኪና አካል መሆኑን። ቮልስ እንደ ዛሬዎቹ አነስተኛ የቤት መኪኖች አካልና ወለል በአንድ ላይ ተበይደው የተሠሩባት አይደለችም። ከታች መካከሉን እንደ ጀርባ አጥንት የሚዘልቅ ቦይ ያለው ወለል አለ፤ ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ የፊትና የኋላ እግሮቹ ሁሉ የሚታሰሩት በዚህ ወለል ላይ ነው። በሮቹን፣ ጣሪያውንና ዳሽቦርዱን የያዘው የላይኛው አካል ደግሞ ዙሪያውን በብሎን ይታሰርበታል። ብሎኖቹ ተፈትተው፣ ሽቦውና ጥቂት ተያያዥ ነገሮች ከተለያዩ በኋላ አራት አምስት ሰው አካሉን አንሥቶ በሌላ ወለል ላይ ሊያስቀምጠው ይችላል። ይህቺ መኪና በፈረንጆች 2003 ሜክሲኮ ውስጥ መመረቷ እስኪያበቃ ድረስ 21,529,464 ተሠርታለች፤ የአንዷ አካል ለሌላዋ ወለል በቀላሉ ስለሚስማማ ባለፉት ዐሥርት ዓመታት አዲስ አበባ ውስጥ ከሁለት ወይም ከሦስት ቮልሶች አንዲት ቮልስ መሥራት የተለመደ ሥራ ሆኖ ቆይቷል። ሥራው በራሱ ነውር የለበትም፤ ብዙ መኪኖችን ከውድቀት አድኗል። ችግሩ የሚመጣው ሕግ የሚያውቀው የሻንሲ ቁጥር የተመታው በወለሉ ላይ፣ የእርስዎ ትዝታ ያለው ደግሞ በአካሉ ላይ ሲሆን ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ደንበኛዬ ልክ እንደ እርስዎ ከብዙ ዓመት በኋላ መልሶ የገዛትን ቮልስ ይዞልኝ መጣ። በበሩ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ልጁ በምስማር የጫረው የመጀመሪያ ፊደሉ ነበረ፤ ጣቱን እያስኬደበት አሳየኝ። የኋላውን ወንበር አንሥተን፣ ምንጣፉን ገልጠን፣ ቅባቱን በጋዝ ባጸዳነው ጊዜ ቦዩ ላይ የወጣው ቁጥር እርሱ በእጁ ከያዘው አሮጌ ውል ጋር አልገጠመም። በሊብሬው ላይ ያለው ቁጥርም ሦስተኛ ቁጥር ነበር። የሻጭ ስልክ ከዚያ በኋላ አልተነሣም። መኪናዋ እስካሁን በስሙ አልዞረችም፤ ግቢው ውስጥ በሸራ ተሸፍና ቆማለች። ሰውየው የከፈለው ለበሩ ነበር ማለት ይቻላል። ይህን የምነግርዎ ላስፈራራዎት ሳይሆን፣ ያንን ምርመራ ከክፍያ በፊት ቢያደርገው ግማሽ ሰዓት ብቻ ይፈጅበት እንደነበር ስለማውቅ ነው።

ስለዚህ የ2001ዱን የሽያጭ ውል ቅጂ ይፈልጉ። ቤት ውስጥ ካጡት ውሉ የተረጋገጠበትን ውልና ማስረጃ ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ፤ የሻንሲና የሞተር ቁጥር በውሉ ላይ ተጽፎ ያገኙታል። በፈረንጆች 1969 ሞዴል የሆነች ቮልስ የሻንሲ ቁጥሯ በ119 ይጀምራል፤ 11 የመኪናዋ ዓይነት፣ 9 የሞዴሉ ዓመት የመጨረሻ አኃዝ ነው። ከፊት ኮፈን ሥር፣ ከተጠባባቂው ጎማ ጀርባ፣ ያንኑ ቁጥር የያዘች ትንሽ ሳህን አለች፤ በእርሷ ብቻ ግን አይመኑ፣ ተነቅላ ሌላ ቦታ ልትመታ ትችላለችና። ዳኛው ከኋላ ወንበር ሥር በቦዩ ላይ በቀጥታ የተመታው ቁጥር ነው። ሲያነቡት አኃዞቹ በአንድ መስመርና በእኩል ጥልቀት መመታታቸውን፣ ዙሪያው ላይ የብየዳ ወይም የሞላ ስፍራ አለመኖሩን ይመልከቱ። ቁጥሩ ከአሮጌው ውልና ከሊብሬው ጋር ሦስቱም ከገጠሙ መኪናዋ በርግጥ የእርስዎ የነበረችው ናት፤ ቀጣዩን ምርመራ ይጀምሩ። ከሊብሬው ጋር ካልገጠመ ግን ምርመራው እዚያው ያበቃል።

ወንበሩን እንዳነሡ ሌላም የሚያዩት ነገር አለ። የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው እዚያው ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ነው። ከባትሪው የሚወጣው አሲድና እርጥበት ሥሩ ያለውን ላሜራ ለዓመታት ሲበላው ይኖራል፤ ስለዚህ ወለሉ ሊበሳ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ነው። የባትሪው ራስ መሸፈኛ ካልኖረው ከባድ ሰው ከኋላ ሲቀመጥ የወንበሩ ሽቦ ከባትሪው ጫፎች ጋር ይገናኝና የወንበሩን ሙሊት ሊያቃጥለው ይችላል። ልጆችዎን ከኋላ ለማስቀመጥ ካሰቡ ይህን ሳያስተካክሉ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አይንዱ።

ዝገትን በተመለከተ ሻጩ ስለ ሞተር ብቻ ማውራቱ ያሳስበኛል፤ የቮልስ ዕድሜ የሚወሰነው በሞተሯ ሳይሆን በታችኛው አካሏ ነውና። ሞተር ወርዶ ይታደሳል፣ ካልሆነም በሌላ ይተካል። ከበሮቹ ሥር በግራና በቀኝ የሚሄዱት፣ ከሞተሩ ሞቃት አየር ወደ ፊት የሚያደርሱት ሁለት ቱቦ መሰል ላሜራዎች ግን የአካሉ ምሰሶዎች ናቸው። የክረምቱ ውኃ በበር ጎማዎቹ በኩል እየገባ ከውስጥ ስለሚበላቸው ከውጭ ቀለሙ እያበራ ውስጣቸው እንደ ደረቀ ቅጠል ሊሆን ይችላል። መኪናዋ ሦስት ክረምት ደጅ ቆማ ከሆነ ይህ ሥጋት እጥፍ ነው፤ ቦሎ ያልታደሰላት መኪና በአብዛኛው የቆመች መኪና ናትና። በሩን ከፍተው ወደ ላይ ቀና ያድርጉት፤ ማጠፊያው ጤነኛ ሆኖ ሳለ በሩ ወርዶ ከተዘጋ፣ ወይም በሩና የኋላው ክንፍ መካከል ያለው ክፍተት ከላይ ጠብቦ ከታች ከሰፋ፣ ምሰሶው ሄዷል ማለት ነው። ከዚያ ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልለው ከበሩ ሥርና ከጎማዎቹ ዙሪያ ያስኬዱ። ማግኔቱ በማይዝበት ቦታ ላይ ቀዩ ቀለም የተቀባው በስቱኮ፣ ማለትም ቀዳዳ በሚሞላ ልስን፣ ላይ ነው።

በመጨረሻም መኪናዋ ጋራዥ ውስጥ በማንሻ ላይ ትውጣ። ክሪክ አይበቃም፤ እንዲያውም ክሪክ የሚገባበት ቦታ ከዛገ መኪናዋ በላይዎ ልትወርድ ስለምትችል በክሪክ ብቻ በቆመች ቮልስ ሥር ፈጽሞ አይግቡ። ማንሻው ላይ ሆና ከሁሉ በፊት የሚታየው የወለሉ የፊት ጫፍ፣ የፊት እግሮቹ የሚታሰሩበት ቦታ ነው። እዚያ ላይ ዝገት ከበረታ መሪውም ፍሬኑም የሚተማመኑበት ነገር የለም። የወለሉን የጎን ላሜራዎች መቀየር ለደህና ላሜራ ሠራተኛ የታወቀ ሥራ ነው። የበር ሥር ምሰሶዎቹን በአግባቡ መቀየር ግን አካሉን ከወለሉ ማላቀቅ ይጠይቃል፤ አካሉ ሲላቀቅ መስኮት፣ ሽቦ፣ ጎማ፣ ቀለም ሁሉም ይከተላል። ከላይ አንድ ቁራጭ ላሜራ ለጥፎ መበየድ ጥገና ሳይሆን መደበቅ ነው።

አሁን ወደ ሞተሩ። «ሞተር ወርዶ ታድሷል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ምን እንደተሠራ አይነግርም። የቮልስ ሞተር በአራት ብሎን የተያዘ ስለሆነ ልምድ ያለው ሰው በአንድ ሰዓት ገደማ ያወርደዋል፤ ለፍሪሲዮን ብቻም ይወርዳል፣ ለአንድ የዘይት ጎማም ይወርዳል። እውነተኛ እድሳት ከሆነ ምን ፒስተን፣ ምን ኩሽኔታ፣ ምን ቫልቭ እንደተቀየረ የሚያሳይ ደረሰኝና የሠራው መካኒክ ቃል ይኖራል። ሁለቱም ከሌሉ እንዳልታደሰ ቆጥረው ዋጋ ያውጡ።

ራስዎ ሊያደርጉት የሚችሉት አንድ ፈተና አለ፤ ከማንኛውም የሻጭ ቃል ይበልጣል። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ከኋላ ከታች ያለውን፣ ቺንጋው የሚዞርበትን ትልቁን ፑሌጃ በሁለት እጅዎ ይያዙና ወደ ራስዎ ይሳቡ፤ ከዚያ ወደ ሞተሩ ይግፉ። በጤነኛ ሞተር ላይ እጅዎ ምንም እንቅስቃሴ አይሰማውም ለማለት ይቻላል፤ የሚፈቀደው የመጨረሻ ልቀት 0.15 ሚሊ ሜትር ብቻ ነውና። «ቀጭ» የሚል ድምፅና ግልጽ መንሸራተት ከተሰማዎት የሞተሩ ዋና ኩሽኔታ መቀመጫውን ማስፋት ጀምሯል፤ ይህ ደግሞ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ተበትኖ ካልሆነ አይስተካከልም። ቀጥሎ መካኒኩ የአራቱን ሲሊንደሮች ግፊት ይለካ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ስለሆነች የሚወጣው ቁጥር በመጽሐፉ ካለው ያንሳል፤ በዚህ አይደንግጡ። የሚመለከቱት በአራቱ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። በተለይ ሦስተኛው ሲሊንደር ከሌሎቹ ዝቅ ካለ አይገረሙ፤ የእርስዎ ቮልስ በተሠራችበት ዘመን በነበሩት ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው በማራገቢያው ሽፋን ውስጥ የቆመው ለዚያ ሲሊንደር የሚሄደውን አየር ከልሎ ስለሆነ ቫልቩ ቀድሞ የሚቃጠለው እርሱ ላይ ነው።

ብዙ ሰው «ቮልስ ውኃ ስለሌላት አትሞቅም» ይላል፤ እርስዎም በዚህ እምነት ያደጉ ይመስለኛል። ውኃ የላትም፣ ትሞቃለች ግን። ሙቀቷን የሚያወጣው ማራገቢያው የሚነፋው አየር ነው፤ ማራገቢያው ከዲናሞው ጋር በአንድ ዘንግ ላይ ስለሆነ ቺንጋው ሲበጠስ ባትሪ መሙላቱም ማቀዝቀዙም በአንድ ጊዜ ይቆማል። የዲናሞዋ መብራት በጉዞ ላይ ከበራ «ቤት ደርሼ አየዋለሁ» የሚባል ነገር የለም፤ ወዲያው ጥግ ይዞ ማጥፋት ነው። ማራገቢያው ጤነኛ ሆኖም ሞተሩን ዙሪያውን የሚሸፍኑት ላሜራዎችና የጠርዙ ጎማ ከሌሉ ከታች የሚወጣው ትኩስ አየር ተመልሶ ይሳባል። በየጋራዡ «ለምን ይጠቅማል» ተብለው የተጣሉ እነዚህ ላሜራዎች መኖራቸውን ይቁጠሩ። በሞተሩ ላይ የሚያልፈው የቤንዚን ጎማ ከተሰነጣጠቀ ከመፈተንዎ በፊት ይቀየር። የሞተሩ ማቀፊያ ማግኒዚየም ያለበት ቅይጥ ብረት ስለሆነ አንዴ እሳት ከያዘው ውኃ መርጨት ያባብሰዋል እንጂ አያጠፋውም።

«ጠባይዋን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም» ብለዋል። በ2001 የነበራትን ጠባይ ያውቃሉ። ከዚያ ወዲህ ስንት እጅ እንደነካት፣ ስንት ጊዜ ያለ ዘይት እንደሄደች፣ በምን እንደተጋጨች አያውቁም። ይህ ሞተር የሚይዘው ሁለት ሊትር ተኩል ዘይት ብቻ ነው፤ እንደ ቪትዝዎ የዘይት ማጣሪያም የለውም፣ ያለው ተራ ወንፊት ነው። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይት መቀየር የአምራቹ ምክር ሲሆን፣ በዚህ ዕድሜና በዚህ አቧራ እኔ 3,000 ላይ እላለሁ። አንድ ግድየለሽ ባለቤት በሁለት ዓመት ውስጥ የእርስዎን የ14 ዓመት ጥንቃቄ ሊሽረው ይበቃል።

ከዚህ ጋር የትዝታም ጉዳይ አለ፤ በጥንቃቄ ላንሣው። እርስዎ የሚያስታውሱት በዚያን ጊዜ መንገድ፣ በዚያን ጊዜ ዕድሜዎ፣ ከዚያን ጊዜ መኪኖች ጋር ተነጻጽራ የነዷትን ቮልስ ነው። 1300 ሞተሯ በባሕር ጠለል ላይ 40 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ሲሻላት ወደ 30 ትጠጋለች። ዛሬ በቀለበት መንገድ ላይ ከኋላዎ የሚመጣው ሰው ያንን አያውቅልዎትም። ፍሬኗ ለረጅም ቁልቁለት የተሠራ አይደለም፤ በሠላሳዎቹ ዕድሜዎ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወርደው በደጀን በኩል ወጥተውባት ከነበረ፣ ያንን ጉዞ ለመድገም ከመነሣትዎ በፊት ፍሬኑ፣ ቺንጋውና የሞተሩ ሽፋኖች ሙሉ በሙሉ መሠራት አለባቸው። የቤንዚን ታንከሯ ከፊት፣ ከእግርዎ ፊት ለፊት ነው። የዛሬ መኪኖች ተሳፋሪን ለማዳን ካላቸው ነገር አብዛኛው የላትም። ይህን የምለው እንዳይነዷት ሳይሆን እሑድ ጠዋት የሚነዷት እንጂ ልጆችን በየቀኑ ትምህርት ቤት የምታደርስ መኪና እንዳትሆን ነው።

የወረቀቱ ነገር ከዝገቱ ባልተናነሰ ያሳስበኛል። የቀድሞ ባለቤት መሆንዎ በውልዎ ላይ ካልተጻፈ በቀር ምንም የቅድሚያ መብት አይሰጥዎትም፤ ስም ለማዛወርም አንዳች አያቀልልዎትም። የያዛት ሰው የሚሸጠው በውክልና ከሆነ በሊብሬው ላይ ስሙ ያለው ሰው ማን እንደሆነና በሕይወት መኖሩን ይጠይቁ። ከእርስዎ የገዛው ሰው ስም ሳያዛውር በውክልና ሸጦ፣ የገዛውም እንዲሁ በውክልና አሳልፎ ከሆነ፣ መኪናዋ ዛሬም በእርስዎ ስም ልትሆን ትችላለች፤ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ወካዩ ከሞተ በሕጋችን መርሕ ውክልናው ይቀራል፤ የሟች ወራሾች ሳይፈርሙ የተደረገ ሽያጭ የሚፈርስ ሽያጭ ነው። ወካዩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ስምምነት ያስፈልጋል። ውክልናው መሸጥን በግልጽ የሚፈቅድ መሆኑን፣ አለመሻሩንም ከሰጠው ጽሕፈት ቤት ያረጋግጡ። በመኪናዋ ላይ የፍርድ ቤት ወይም የባንክ እገዳ አለመኖሩን ፋይሏ ካለበት የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ያጣሩ። ሞተሯ በእርግጥ በሌላ ሞተር ተቀይሮ ከሆነ የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ላይገጥም ይችላል፤ ያ ካልተስተካከለ የስም ዝውውሩ ይቆማል። ያልታደሰው ቦሎ፣ የሦስተኛ ወገን መድንና የተከማቸ ቅጣት ካለ ሁሉም ከፊርማ በፊት በሻጩ ወጪ ይጥራ፤ መኪናዋ ምርመራውን ማለፏ ራሱ ለእርስዎ አንድ ተጨማሪ ማስረጃ ነው።

ቀብድ ክፈል እንደሚሉዎት አልጠራጠርም። «ሌላ ገዢ ነገ ይመጣል» የሚለው የደላላ ቃል የተዘጋጀው ለእንደ እርስዎ ዓይነት ገዢ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ከተወ እጥፍ ይመልሳል። እርስዎ ዝገት አይተው ከተውት ያጡት እርስዎ ነዎት።

ስለ ገንዘቡ። የቮልስ ዋጋ በብር ሲቆጠር መጨመሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በአጭር ጊዜ ከ100 ብር ማለፉን አይርሱ። የሁሉም ነገር ዋጋ ጨምሯል፤ የመለዋወጫውም እንዲሁ። ሶማሌ ተራ ዛሬ ለአንድ ጥንድ ፒስተን የሚጠሩልዎትን ዋጋ ሲሰሙ ይህ ይገባዎታል። ደግሞም ዋጋዋ የሚጠበቀው ወለሏ ጤነኛ፣ ወረቀቷ ንጹሕ፣ ክፍሎቿ የራሷ የሆኑ ቮልስ ናት። ስቱኮ የተሞላች ቮልስ ዋጋ የምትይዘው ቀጣዩ ገዢ ወንበሩን እስኪያነሣ ድረስ ነው።

ቪትዟን ግን አይሽጡ። በዚህ ላይ ምንም ማመንታት የለኝም። መንግሥት ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ስላገደ፣ ዛሬ የሸጧትን ቪትዝ ከአንድ ዓመት በኋላ በሸጡበት ዋጋ መልሰው አያገኟትም። ቮልሷ ተበትና ጋራዥ ውስጥ ስትቆም፣ እርሷም መቆሟ አይቀርም፣ የሚጓጓዙበት አይኖርዎትም፤ ያኔ የመኪናዋን ሥራ ያስቸኩላሉ፣ የተቸኮለ ሥራ ደግሞ ተመልሶ ይፈርሳል። አንዲት የሚወዷት መኪና በአንድ ሕይወት ሁለት ጊዜ በገንዘብ ችግር ስትሸጥ አይቻለሁ፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል። ቮልሷን መግዣና መጠገኛ ገንዘብ ቪትዟን ሳይነኩ ከሌለዎት ዘንድሮ አይግዙ።

ገንዘቡ ካለ ምክሬ ይህ ነው። መነሻዎ 700 ሺህ አይሁን፤ ሻጩ ራሱ ለማያውቀው ገዢ የጠራው 550 ሺህ ነበርና ጣሪያዎ እርሱ ነው። የጨመረው 150 ሺህ የመኪናዋ ዋጋ አይደለም፤ የእርስዎ የልጅ ታሪክ ዋጋ ነው፤ ያ ደግሞ ሻጩ የሚሸጠው ነገር አይደለም። ከ550 ሺህ ላይ የላሜራ ሠራተኛውና የመካኒኩ ግምት ይቀነስ፤ በግምቱ ላይም ሲሶ ይጨምሩበት፤ ቮልስ ከተፈታች በኋላ የሚገኘው ጉዳት ከመፈታቷ በፊት ከሚታየው ሁልጊዜ ይበልጣልና። የሚቀረውን ቁጥር ይንገሩትና ይሂዱ። አይከራከሩ፤ ስለ ባለቤትዎም ስለ ልጅዎም አንድ ቃል አይጨምሩ። ሦስት ዓመት የቆመች ቮልስ ወረፋ የያዘላት ገዢ እንደሌለ ሻጩ ከእርስዎ የተሻለ ያውቃል።

ቁጥሩ ገጥሞ፣ የበር ሥር ምሰሶዎቹና የወለሉ የፊት ጫፍ ጤነኛ ሆነው፣ ወረቀቱ ከጠራ ይግዟት፤ ሞተሩ የደከመ ቢሆን እንኳ ይግዟት፣ ያ የሚሠራ ነገር ነው። ቁጥሩ ገጥሞ ወለሉና ምሰሶዎቹ ካለቁ ውሳኔው የእርስዎ ነው፤ ነገር ግን ያኔ የሚገዙት መኪና ሳይሆን የአንድ ዓመት ሥራ መሆኑን ባለቤትዎም አውቀው ይስማሙበት፤ ገንዘቡ የሁለታችሁ ነውና። የሻንሲ ቁጥሩ ከሊብሬው ካልገጠመ ወይም ወካዩ ሞቶ ወራሾቹ ካልተገኙ አይግዟት፤ በ200 ሺህም ቢሰጥዎት አይግዟት። ያኔ ሌላ ጤነኛ ቮልስ ፈልገው ውሃ ሰማያዊ ማስቀባት ከሁሉ የሚሻል መንገድ ነው። ወለሉ የሌላ ቮልስ ሆኖ ከሊብሬው ጋር ግን በሕጋዊ መንገድ ከገጠመ መካከለኛ ቦታ ላይ ነዎት፤ ወረቀቷ ትክክል፣ አካሏ የእርስዎ፣ ወለሏ የሌላ ናት። እኔ ብሆን ጤነኛ እስከሆነች ድረስ እገዛታለሁ።

መኪናዋን ለማስመርመር ሲሄዱ የሰዓቱን ቀዳዳዎች ደግመው አይዩአቸው። የአሮጌውን ውል ቅጂ፣ የእጅ ባትሪ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔትና ቅባት የሚያጸዱበት ጨርቅ ይያዙ፤ መኪናዋን ከዚህ በፊት አይቷት የማያውቅ መካኒክም አብሮዎት ይሂድ። ጋራዡ ውስጥ እንደገቡ በቀጥታ የኋላውን ወንበር ያንሡ።